ከምርቃት በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች
ወደ ሰው አገር ለሥራ ስለሚሄዱ ልጆች፤ ለአስተማሪዎችና ለሽማግሌዎች

ሰው ካገሩ ወጥቶ በሌላ አገር ኑሮውን መፈለጉ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ615 ዓመት ገደማ ነቢዩ መሐመድ በመካ መከራ የጸናባቸውን ተከታዮቻቸውን ወደ ሐበሻ አገር በላኩ ጊዜ ስደተኞቹ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ አክሱም መጡ፤ ንጉሡም ተቀብሎ አስጠለላቸው። ይህን ታሪክ በወሎ የማያውቅ ሽማግሌ የለም። ነገር ግን ከታሪኩ ውስጥ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። እነዚያ ስደተኞች ወዴት እንደሚሄዱና ወደ ማን ዘንድ እንደሚደርሱ ከመነሣታቸው በፊት ያውቁ ነበር፤ በግዛቱ ሰው የማይበደልበት ንጉሥ እንዳለ አስቀድሞ ተነግሯቸው ነበርና።

ዛሬ ያንኑ ባሕር የወሎ ልጆች ከዚህ ወደዚያ ይሻገሩታል። ከተሁለደሬ፣ ከወረባቦ፣ ከአምባሰል፣ ከቃሉና ከኩታበር ብዙ ሴቶች ልጆች ለቤት ሥራ፣ ብዙ ወንዶች ልጆችም ለእረኝነትና ለቀን ሥራ ወደ ሳውዲ ዐረቢያና ወደ ሌሎቹ የዐረብ አገሮች ይሄዳሉ። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባል ነበር፤ አሁን ግን አይቶት የማያውቀውን አገር የሚናፍቅ ወጣት በየቀበሌው ሞልቷል። ለዚህም ምክንያቱ የታወቀ ነው። የርስቱ መሬት በልጆች ብዛት ተከፋፍሎ ጠበበ፤ ትምህርቱን የጨረሰ ሁሉ ሥራ አላገኘም፤ የጎረቤት ልጅ በላከችው ገንዘብም የሣር ቤት ፈርሶ የቆርቆሮ ቤት ሲሠራ ይታያል።

የቆርቆሮው ቤት ለዓይን ይታያል፤ ያልተመለሰችው ልጅ ግን አትታይም። ስለዚህ «በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የሚለው ተረት ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል። በወሎ ባህል መንገደኛ ሳይመረቅ አይወጣም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ቡናው ይፈላል፣ ሽማግሌውም እጁን ዘርግቶ «በሰላም ግቢ» ይላል። ይህ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ሽማግሌ የሚመርቀው የጉዞውን ነገር ጠይቆ ከተረዳ በኋላ ቢሆን ምርቃቱ የበለጠ ይጠቅማል። ይህች ጽሑፍም የተዘጋጀችው ከምርቃቱ በፊት ምን ምን መጠየቅ እንደሚገባ ለማስረዳት ነው።

መንገዱ በኮምቦልቻ ስለ መከፈሉ

በደሴ ከተማ መካከል ፒያሳ የሚባል ሰፈር አለ። ቃሉ የኢጣልያ ቋንቋ ነው፤ ፍችውም አደባባይ ማለት ነው። ኢጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባገራችን በቆዩበት ዘመን የቀረ ስም ሆኖ እስከ ዛሬ ይጠሩበታል። ከገጠር የመጣች ልጅ ለፓስፖርት ፎቶግራፍ የምትነሣው፣ ወረቀት የምታባዛው፣ እኅቷ ከውጭ አገር የላከችላትን ገንዘብ ከባንክ የምትቀበለው በከተማው መካከል ነው። ደላላም የሚያገኛት በዚሁ ዐይነት ስፍራ ነው። እርሱም ንግግሩ የለሰለሰ፣ አለባበሱ ያማረ፣ ብዙ ጊዜም ያገር ልጅ ወይም የሩቅ ዘመድ ነው፤ ባዕድ ቢሆንማ ማን ያምነው ነበር።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ደጋ ናት። ከዚያ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ሲወርዱ ኮምቦልቻ ይገኛል። በኮምቦልቻም መንገዱ ሁለት ይሆናል። አንዱ ወደ ደቡብ በከሚሴና በደብረ ብርሃን አልፎ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ በሕግ የሚሄድ ሰው ጉዳዩን ጨርሶ በአይሮፕላን የሚሳፈረው ከዚያ ነው። ሁለተኛው ወደ ምሥራቅ በባቲ ወርዶ ወደ ሚሌና ወደ አፋር በረሃ ይገባል፤ ያለ ሰነድ በድብቅ የሚሄደው ሰው ይህን ይዞ ወደ ጅቡቲ ይሻገራል። ስለዚህ ሽማግሌ የመጀመሪያውን ጥያቄ «ልጄ፣ ከኮምቦልቻ በኋላ መንገድሽ በየት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ የቀረው ነገር ሁሉ ከመልሱ ይገለጣል።

ስለ በረሃው መንገድ

በባቲ በኩል የሚወርደው ሰው በመጀመሪያ የሚገጥመው ሙቀት ነው። በጅቡቲ ያለው የአሳል ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ያለ ስፍራ ነው፤ በዚያ አካባቢ አልፎ ወደ ታጁራና ወደ ኦቦክ የሚወስደው መንገድ ጥላና ውሃ የሌለበት ድንጋያማ ነው። በደጋ ያደገ ልጅ ይህን በእግሩ ሲያቋርጥ በውሃ ጥም ይሞታል፤ የሞተውንም ጓደኞቹ በመንገድ ዳር ትተውት ያልፋሉ።

ከኦቦክ ዳርቻ በኋላ ባሕሩ ነው። ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚገናኙበት ጠባብ ስፍራ በዐረብኛ ባብ ኤል መንደብ ይባላል፤ ትርጓሜውም የልቅሶ በር ማለት ነው። አሻጋሪዎቹ በትንሽ ጀልባ ከሚገባው በላይ ሰው ይጭናሉ፤ የጠረፍ ጠባቂ ያዩ እንደ ሆነም ተሳፋሪውን ወደ ባሕር የሚጥሉበት ጊዜ አለ። በ2016 ዓ.ም. በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ አጋማሽ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ተለያይተው፣ ኢትዮጵያውያንን የጫኑ ሁለት ጀልባዎች በጅቡቲ ዳርቻ ሰጥመው በእያንዳንዱ ብዙ ሰው አለቀ። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑ መንገደኞችን የያዘ ጀልባ በየመን በአብያን ዳርቻ ተገልብጦ ከ60 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ።

ባሕሩን የተሻገረ ሰውም ገና አልደረሰም። የመን ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነት የታመሰች አገር ናት። በዚያ የሚጠብቁ ሽፍቶች መንገደኛውን ይዘው በአጥር ውስጥ ያስሩታል፤ ከዚያም የቤተ ሰቡን የስልክ ቍጥር ተቀብለው፣ ልጁን እየደበደቡ ድምፁን ለእናቱ እያሰሙ ቤዛ ገንዘብ ይጠይቃሉ። በሬ ሸጦ የላከ አባት አሁን ላሚቱን ይሸጣል፤ ላሚቱ ካለቀች መሬቱን በመያዣ ይሰጣል። ከዚያም አልፎ በየመንና በሳውዲ ዐረቢያ ወሰን ላይ ሌላ ሞት አለ። የሰብአዊ መብት ተመልካች የሆነው ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው ድርጅት በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ በዚያ ወሰን ላይ ከመጋቢት 2014 ጀምሮ በመቶ የሚቈጠሩ ኢትዮጵያውያን በጠረፍ ጠባቂዎች መገደላቸውን ገልጿል፤ የሳውዲ መንግሥት ግን ይህን አልተቀበለውም።

ይህን ሁሉ አልፎ የደረሰ ሰው የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ስለ ሆነ በተያዘበት ቀን የለፋበትን ሁሉ ያጣል። በኅዳር 2006 ዓ.ም. የሳውዲ መንግሥት ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ አገር ሰዎች ማስወጣት በጀመረ ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ወዳገራቸው ተመልሰዋል። ብዙዎቹ የዓመታት ደመወዛቸውንና ዕቃቸውን ትተው፣ ለብሰውት በነበረው ልብስ ብቻ ነበር የተመለሱት። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ደግሞ ሌሎች 100,000 ያህል ሰዎችን ለመመለስ ሁለቱ መንግሥታት ተስማሙ። እንግዴህ የበረሃው መንገድ ርካሽና ፈጣን ነው የሚል ደላላ ሲያጋጥም፣ ዋጋውና ጊዜው ከነዚህ ጋራ ተደምሮ መቈጠር አለበት።

ስለ ሕጉ መንገድ

በጥቅምት 2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ዜጎቹ ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ እንዳይሄዱ ለጊዜው ከልክሎ ነበር። ክልከላውም ሕግ እስኪበጅ ድረስ ቆይቶ በ2010 ዓ.ም. ተነሣ። በመካከሉ የወጣው ሕግ የኢትዮጵያ የውጭ አገር የሥራ ስምሪት ዐዋጅ ቍጥር 923/2008 ነው፤ ይህም በ2013 ዓ.ም. በዐዋጅ ቍጥር 1246 ተሻሽሏል። ሰውን በማታለል የሚያሻግሩና የሚነግዱ ሰዎች ደግሞ በዐዋጅ ቍጥር 1178/2012 በጽኑ እስራት ይቀጣሉ። ሕግ በየጊዜው ስለሚታደስ ጸንቶ የሚሠራበትን ድንጋጌ በወረዳው ወይም በዞኑ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄዶ መጠየቅ ያሻል።

ከነዚህ ዐዋጆች ውስጥ የገጠር ቤተ ሰብ ሊያውቀው የሚገባው ፍሬ ነገር ይህ ነው። ተጓዡ ቢያንስ 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። የሚሄድበት አገር ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋራ ስለ ሠራተኞች ስምምነት ያደረገ ሊሆን ይገባዋል። ለሚሠራው ሥራ ሠልጥኖ የብቃት ማስረጃ መያዝ አለበት። የሥራው ውል በመንግሥት ታይቶ መጽደቅ አለበት።

ወጪውንም የ2008ቱ ዐዋጅ ከሁለት ከፍሎ ወስኖታል። አሠሪው የሚከፍለው የመግቢያ ቪዛውን፣ የመሄጃና የመመለሻ ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የመድን ዋስትናውንም ነው። ሠራተኛው የሚከፍለው ደግሞ የፓስፖርቱን፣ የሕክምና ምርመራውንና የክትባቱን፣ የልደት ማስረጃውን፣ ከወንጀል ነጻ የመሆን ማስረጃውን፣ የብቃት ማስረጃውንም ነው። ፈቃድ ያለው አገናኝ ኤጀንሲ የአገልግሎቱን ዋጋ ከሠራተኛው እንዲቀበል አይፈቀድለትም። እንግዲያስ ደላላ «ለቪዛና ለትኬት ይህን ያህል ሺህ ብር አምጡ» ባለ ጊዜ፣ ሕጉን የሚያውቅ ሽማግሌ ነገሩ ማታለል መሆኑን ወዲያው ይረዳል።

የሚጠየቁት ጥያቄዎች

1ኛ፤ ስሟና ዕድሜዋ በሰነዱ ላይ እውነተኛ ነውን?
ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆች ዓመት ተጨምሮላቸው፣ አንዳንዶቹም ስማቸው ተለውጦ ፓስፖርት ያወጣሉ። ይህ በዚያን ቀን ብልኀት ይመስላል፤ በኋላ ግን ታላቅ ጕዳት ያመጣል። ልጅቱ በሰው አገር ብትታመም፣ ብትታሰር ወይም ብትሞት፣ ኤምባሲው በመዝገብ የሚያገኘው የሐሰቱን ስም ነው። አባት በእውነተኛ ስሟ ሲያፈላልጋት እንዲህ የምትባል ሰው የለችም ይባላል። ያልተከፈለ ደመወዟም ሆነ አስከሬኗ ለቤተ ሰቧ ለመድረስ ይቸገራል። ስለዚህ የቀበሌ ሹምም ሆነ አስተማሪ ለሐሰት ዕድሜ ምስክር ከመሆን ሊጠበቅ ይገባዋል።

2ኛ፤ የሚልካት ማን ነው?
ለምሳሌ ያህል በአንድ ሽማግሌና ልትሄድ በተነሣች ልጅ መካከል እንዲህ ያለ ንግግር ቢሆን፤
«ልጄ፣ የሚልክሽ ሰው ስሙ ማን ይባላል?»
«እኔ አላውቀውም አባባ፤ የአክስቴ ልጅ ነው የሚያውቀው።»
«ቢሮው የት ነው?»
«ቢሮ የለውም፤ ፒያሳ ነው የምናገኘው። በስልክም ይጠራናል።»
«ስልኩን ቢዘጋው ወዴት ሄደሽ ታገኚዋለሽ?»
ልጅቱ ዝም ትላለች። ሽማግሌውም በዚህ ጊዜ ምርቃቱን አቆይቶ ከአባቷ ጋራ መነጋገር ይገባዋል። ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ስም፣ የፈቃድ ቍጥርና ቢሮ አለው፤ ሠራተኛው ቢበደል ካሣ የሚከፈልበት የዋስትና ገንዘብም እንዲያስይዝ በሕግ ይገደዳል። የፒያሳው ደላላ ግን ከስልክ ቍጥር በቀር የሚይዙት ነገር የለውም። ፈቃድ ያላቸውን ኤጀንሲዎች ስም ከሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ጠይቆ ማረጋገጥ ይቻላል።

3ኛ፤ ውሉን አንብባዋለችን?
ውል ሳይነበብ የሚፈረምበት ነገር አይደለም። በእርሱ ውስጥ የአሠሪው ሙሉ ስምና አድራሻ፣ የደመወዙ ልክ፣ የሚከፈልበት ቀን፣ የሥራው ዐይነት፣ የዕረፍቱ ጊዜ፣ የውሉ ዘመንና የመመለሻው ትኬት መጻፍ አለባቸው። ለማታነብ ልጅ አስተማሪዋ ጮክ ብሎ ያንብብላት፤ የተረዳችውንም በራሷ ቃል መልሳ ትንገረው። ደሴ ላይ በቃል የተነገራት ደመወዝና በወረቀቱ የተጻፈው የማይስማሙ እንደ ሆነ፣ ባሕር ማዶ የሚጸናው የተጻፈው መሆኑን ታውቅ።

4ኛ፤ ጤናዋ ተመርምሯልን?
ወደ ዐረብ አገሮች ለሥራ የሚሄድ ሰው በተፈቀደለት የሕክምና ተቋም ስለ ሳንባ ነቀርሳ፣ ስለ ጉበት ሕመም፣ ስለ ኤች አይ ቪና ስለ መሳሰለው ይመረመራል፤ ሴቶችም ስለ እርግዝና ይመረመራሉ። ከደረሰች በኋላ ዳግመኛ ትመረመራለች፤ ሕመም የተገኘባት እንደ ሆነም ወዳገሯ ትመለሳለች። ስለዚህ የሐሰት የሕክምና ወረቀት የሚገዛ ቤተ ሰብ ልጁን ለአንድ ወር ብቻ እንደ ላካት ይቍጠረው። ምርመራውም ብድር ከመበደሩ በፊት ሊሆን ይገባል።

5ኛ፤ ደመወዟ በማን እጅ ይገባል?
ይህ ጥያቄ በዘመድ መካከል የሚያሳፍር ስለሚመስል አይጠየቅም፤ ነገር ግን ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ልጅቱ ዓመታት ሠርታ ለወንድሟ ወይም ለአጎቷ የላከችው ገንዘብ በቤት ሥራ፣ በሠርግና በልብስ አልቆ፣ ስትመለስ ባዶ እጇን የቆመች ብዙ ናት። ስለዚህ ከመሄዷ በፊት በራሷ ስም በባንክ ሒሳብ ትክፈት፤ ደብተሩንም የምታምነው ሰው ያስቀምጥላት። ከምትልከው ገንዘብ ስንቱ ለቤተ ሰብ፣ ስንቱ ለብድር፣ ስንቱ ለራሷ እንደሚሆን በሽማግሌ ፊት ተነጋግረው ይጻፉት። ገንዘብ በሐዋላ ነጋዴ እጅ ሲላክ ፈጥኖ ይደርሳል፤ ነገር ግን ቢጠፋ በፍርድ ቤት የሚያስጠይቅ ማስረጃ የለውም። በባንክ የተላከ ግን ደረሰኝ አለው።

6ኛ፤ የሰነዶቹ ግልባጭ በመንደሩ ቀርቷልን?
የፓስፖርቷ፣ የውሏና የቪዛዋ ግልባጭ በሦስት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ በቤተ ሰቡ ዘንድ፣ አንዱ በትምህርት ቤቱ ወይም በታመነ ሽማግሌ ዘንድ፣ አንዱም ከራሷ ዘንድ። የአሠሪዋ ስልክ፣ የኤጀንሲው ስልክና የኢትዮጵያ ኤምባሲ ስልክ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ። በሳውዲ ዐረቢያ የኢትዮጵያ ኤምባሲ በሪያድ፣ ቆንስላ ጽሕፈት ቤቱም በጂዳ ይገኛል። ልጅቱ ለብዙ ጊዜ ድምፅዋ የጠፋ እንደ ሆነ ቤተ ሰቡ አቤቱታ የሚያቀርበው በነዚህ ወረቀቶች ነው። ወረቀት የሌለው አባት ቢሮ ለቢሮ ይንከራተታል፤ ወረቀት ያለው ግን ልጁ በየትኛው ከተማ፣ በማን ቤት እንዳለች ማሳየት ይችላል።

7ኛ፤ መቼና ወደ ምን ትመለሳለች?
መመለስ ከመሄድ ጋራ አብሮ መታሰብ አለበት። ሁለት ዓመት ሠርታ ምን ልታቋቁም ነው? ሱቅ ነውን፣ የከብት ማድለብ ነውን፣ ወይስ የሙያ ትምህርት? ዓላማው አስቀድሞ ያልተወሰነ እንደ ሆነ ሁለቱ ዓመት አራት፣ አራቱም ስምንት ይሆናል፤ እናት የልጇን መልክ በስልክ ብቻ እያየች ታረጃለች።

በሰው አገር ስላለው ሥርዓት

በዐረብ አገሮች የውጭ ሠራተኛ የሚገባው በአሠሪው ዋስትና ነው። ሥርዓቱ ከፋላ፣ ዋሱም ከፊል ይባላል። ኢቃማ የሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ የሚወጣው በዚሁ ዋስ ስም ስለ ሆነ፣ ሠራተኛይቱ ቤቱን ጥላ የወጣች እንደ ሆነ አሠሪው ጠፋች ብሎ ሊያስመዘግባት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ሕጋዊነቷን ታጣለች። ስለዚህ በደል ሲደርስባት ወደማታውቀው ሰው ከመሸሽ ይልቅ አስቀድማ ለኤጀንሲው፣ ለኤምባሲው ወይም ለፖሊስ ማመልከት ይሻላታል። ሕይወቷ በአደጋ ላይ ከሆነ ግን ከቤቱ ወጥታ በቀጥታ ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ኤምባሲው መሄድ አለባት። በሪያድና በመካ አውራጃዎች የአደጋ ጥሪ ቍጥሩ 911 ነው፤ የአምቡላንስ ጥሪ 997 ነው።

የሳውዲ መንግሥት በ2005 ዓ.ም. ለቤት ሠራተኞች ባወጣው ደንብ ሠራተኛው በቀን ቢያንስ 9 ሰዓት፣ በሳምንትም አንድ ቀን እንዲያርፍ፣ ደመወዙም በየወሩ እንዲከፈለው ወስኖ ነበር፤ ደንቡም ከዚያ ወዲህ ታድሷል። ይህን የማታውቅ ልጅ ሌሊትና ቀን መሥራት የአገሩ ሕግ ይመስላታል። ደመወዟን በየወሩ እየተቀበለች ቀኑንና ልኩን በደብተር ትጻፍ። «ስትሄጂ አንድነት እሰጥሻለሁ» የሚል አሠሪ ካጋጠማት ለኤጀንሲውና ለኤምባሲው ፈጥና ታስታውቅ፤ የሁለት ወር ዕዳ ይጠየቃል፣ የሁለት ዓመት ዕዳ ግን ለክርክር ይከብዳል።

አስተማሪ ሊያስጠናቸው የሚገቡ ጥቂት የዐረብኛ ቃሎች እነዚህ ናቸው። ዐቅድ ማለት ውል ነው። ራቲብ ማለት ደመወዝ ነው። ጀዋዝ ማለት ፓስፖርት ነው። ኢጃዛ ማለት የዕረፍት ፈቃድ ነው። ሙስተሽፋ ማለት ሐኪም ቤት ነው። ሹርጣ ማለት ፖሊስ ነው። ሲፋራ ማለት ኤምባሲ ነው። እነዚህን ሰባት ቃሎች ያወቀች ልጅ ቢያንስ የሚያስፈልጋትን ነገር ስም ለመጥራት ትችላለች።

ለሒሳብ ትምህርት የሚሆን ምሳሌ

አስተማሪ በሰሌዳ ላይ እንዲህ ብሎ ይጻፍ። አንዲት ሠራተኛ በወር 1,000 ሪያል ውል ገብታለች እንበል። በ24 ወር ጠቅላላ ደመወዟ 24,000 ሪያል ይሆናል። አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ1986 ጀምሮ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ3.75 ሪያል የተወሰነ ስለ ሆነ፣ ይህ ገንዘብ 6,400 ዶላር ነው። አሁን ቤተ ሰቡ ለጉዞው የተበደረው ገንዘብ ከነወለዱ የ8 ወር ደመወዝ ቢሆን፣ የቀሩት 16 ወሮች ብቻ ናቸው። ከነዚህም ግማሹ ለቤተ ሰብ ቀለብ ቢላክ፣ ለራሷ የሚተርፋት የ8 ወር ደመወዝ፣ ይኸውም 8,000 ሪያል ነው። ሁለት ዓመት የደከመችበት ትርፍ ይህ መሆኑን ከመሄዷ በፊት ብታውቅ፣ ወይ ብድሩን ትቀንሳለች፣ ወይ እዚሁ በዚያው ድካም ምን ማግኘት እንደምትችል ታመዛዝናለች።

የዘመን አቈጣጠሩም ሊገለጥላቸው ይገባል። በሳውዲ ያለው ጊዜ ከኢትዮጵያ ጋራ አንድ ነው፤ ነገር ግን እኛ አንድ ሰዓት የምንለውን እነርሱ ሰባት ይሉታል። ውሉ በአውሮፓ ወይም በሂጅራ ቀን ሊጻፍ ይችላል። የሂጅራው ዓመት 354 ቀን ያህል ስለ ሆነ ከእኛው ዓመት በ11 ቀን ያህል ያጥራል። ልጅቱ የውሏን መጀመሪያና መጨረሻ በኢትዮጵያ ቀን ለውጣ ልትይዘው ያስፈልጋታል።

መደምደሚያ

ሽማግሌ ልጅን በግድ ሊያስቀር አይችልም፤ መንገደኛም ሁሉ ይጠፋል ማለት አይደለም። በሕግ ሄደው፣ በሰላም ሠርተው፣ ወላጆቻቸውን ረድተው የተመለሱ የወሎ ልጆች አሉ። በድብቅ የሄደና በሕግ የሄደ ሰው የሚለያዩትም ብዙ ጊዜ ሳይነሡ በፊት በጠየቁትና ባልጠየቁት ነገር ነው።

እንግዴህ በየመንደሩ እንዲህ ቢደረግ መልካም ነው። ልጅ ልትሄድ ስትነሣ ሽማግሌው ቡናው ሳይፈላ፣ እጁንም ለምርቃት ሳይዘረጋ፣ አስተማሪውን ከጎኑ አስቀምጦ ሰባቱን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ይጠይቃት። አስተማሪውም መልሱን በደብተር ይጻፍ። መልስ ያልተገኘለት ጥያቄ ካለ ጉዞው መልሱ እስኪገኝ ይቆይ፤ አንድ ወር መዘግየት የዕድሜ ልክ ጸጸትን ያስቀራልና። መልሱ ሁሉ የተሟላ እንደ ሆነ ግን ሽማግሌው በሙሉ ልቡ ይመርቃት። ያን ጊዜ «በሰላም ሄደሽ በሰላም ግቢ» ሲላት፣ ልጅቱ ወዴት እንደምትሄድና በማን ቤት እንደምትገባ፣ ወረቀቷም በማን እጅ እንዳለ አውቆ ይላታል።